ከጎጆዋ እስከ ችሎቱ፦ የቆቦ ሴቶችና የፍቺ ሕግ

ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚያቀናው ጎዳና ጎብዬንና ሮቢትን አልፎ ቆቦ ሲደርስ፣ በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ ደግሞ የደጋው ገደላገደል የሚያዋስኑት፣ ክረምቱ በሰመረ ዘመን ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ የሚቆምበት ሰፊ ሜዳ በተጓዡ ፊት ይዘረጋል። ይህ የራያ ቆላ ነው። እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ መንደር፣ ብዙ ጊዜም በአንድ የዘር ሐረግ ተጋምዶ የሚኖርበት፣ ጋብቻም የሁለት ቤተ ዘመድ ኪዳን ሆኖ የሚቈጠርበት አገር እንደ መሆኑ መጠን፣ ትዳር በፈረሰ ጊዜ የሽማግሌው ቃል፣ የዋሱ ክብር፣ የአማቾች ወዳጅነት፣ በጉድጓድ የተቀበረው እህልና በሜዳ የተሰማራው ከብት ሁሉ አብሮ ይናጋል። ከዚህ ሁሉ መናጋት መካከል ሴቲቱ ምን ይዛ እንደምትወጣ ጠይቆ የሚመረምር ግን እምብዛም አይገኝም።

በአንድ ማለዳ፣ ፀሐዩ ገና ሳይበረታ፣ በፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ከሚጽፉት ሰዎች በአንደኛው ጠረጴዛ አጠገብ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ዕድሜዋ ወደ ሠላሳ የሚጠጋ፣ ነጠላዋን እስከ አፏ የተከናነበች ሴት መጣችና ከብብቷ ያወጣችውን ጥቁር ፌስታል በጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ከውስጡ የሁለት ልጆች የክትባት ካርድ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ በሠርጓ ዕለት ከሚዜዎቿ ጋር የተነሣችው ፎቶግራፍ፣ በላስቲክም የታሰረ፣ ቀለሙ የወየበ የሐዋላ ደረሰኝ ጥቅል ወጣ። የጋብቻ ምስክር ወረቀት አልነበረም። ጸሓፊው አንዱን ካንዱ እየለየ፣ ደረሰኙንም በየዓመቱ እየደረደረ ይጠይቃት ጀመር።

«እኅቴ፣ ከቤት ከወጣሽ ስንት ጊዜ ሆነሽ?»

«ሁለት ክረምት አለፈኝ።»

«እስከ ዛሬ ለምን ዝም አልሽ?»

«ሽማግሎቹ ታገሺ አሉኝ፤ እርቁ ይሆናል ብለው። እኔም የአባቶቼን ቃል አልጥስም ብዬ ከወንድሜ ቤት ተቀመጥሁ።»

«በሬዎቹስ?»

«ተሸጡ አሉኝ፣ አያ።»

«ቤቱስ?»

«ወንድምየው ገብቶበታል።»

ጸሓፊው ብዕሩን አኑሮ ጥቂት ዝም አለ። ያን ዝምታ የሚያውቀው በየቀኑ ስለሚገጥመው ነው፤ ምክንያቱም ለዚህች ሴት ሕጉ እኩሌታውን ሰጥቷታል፣ ዳኛውም ቢሆን እኩሌታውን ሊነፍጋት አይቀመጥም፤ ነገር ግን እኩሌታ የሚባለው የአንድ ነገር እኩሌታ ነውና፣ በሬው ተሸጦ፣ እህሉ ተበልቶ፣ ቤቱም ወደ ሌላ እጅ ተላልፎ ካለቀ በኋላ የሚፈረድላት ፍርድ የሚያርፍበት ነገር ያጣል። እኔ ነገሩን መርምሬ የደረስሁበት ፍርድ ይህ ነው፦ በቆቦ፣ እንደዚሁም በብዙው የአገራችን ገጠር፣ የፈታች ሴት መብት የሚጠፋው በችሎት ፊት አይደለም፤ ከጎጆዋ በወጣችበት ቀንና ችሎቱ ፊት በቆመችበት ቀን መካከል ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

ብዙ ሰው የባልና የሚስትን የሀብት እኩልነት ትናንት ከባሕር ማዶ የመጣ አድርጎ ሲናገር ይሰማል፤ ይህ ግን የአገሩን ታሪክ አለማወቅ ነው። የታሪክ ሊቁ ዶናልድ ክረሚ የጎንደርን ዘመን የመሬት መዛግብት አንብቦ እንዳሳየው፣ የበጌምድር ሴቶች በ18ኛውና በ19ኛው ምዕት ዓመት ርስት ይወርሱ፣ ይሸጡና ይገዙ፣ ስለ ርስታቸውም በዳኛ ፊት ቆመው ይሟገቱ ነበር። ፍትሐ ነገሥት በ24ኛው አንቀጹ ስለ መተጫጨት፣ ስለ ጋብቻና ስለ መለያየት ሰፊ ሥርዓት ሠርቷል፤ በተክሊልና በቁርባን የጸናውን ጋብቻ ቤተ ክርስቲያን በቀላሉ እንዳይፈታ አድርጋ ስትጠብቀው፣ አብዛኛው ባላገር የሚጋባበት የሰማንያው ጋብቻ ግን በውል እንደሚታሰር በውል የሚፈታ፣ ሲፈታም ሀብቱን ለሁለት የሚያካፍል ሆኖ ኖሯል። እንግዲህ መካፈሉ ጥንት የነበረ ነው፤ የጎደለው የሚያስፈጽመው ኃይል ነበረ።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአያሌ ነገር ታላቅ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ በዚህ በኩል ግን ሴቲቱን ወደ ኋላ አስቀርቷታል። በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ አለቃ መሆኑን፣ ሚስትም ሕጋዊ በሆነው ነገር ሁሉ ልትታዘዘው እንደሚገባ ደነገገ፤ የፍቺንም ዳኝነት ከፍርድ ቤት አውጥቶ ለቤተ ዘመድ ዳኞች ሰጠ፤ ለፍቺው ጥፋተኛ የተባለውም ወገን ከጋራው ሀብት ድርሻው ሊቀነስበት እንዲችል አደረገ። ጥፋተኛው ማን እንደ ሆነ የሚፈርዱት ደግሞ ብዙ ጊዜ ወንዶች ሽማግሎች ስለ ነበሩ፣ ቤቷን ጥላ የወጣች ሴት በመውጣቷ ብቻ በዳይ ተብላ እጅዋን አጨብጭባ ትቀር ነበር። ይህ ሕግ ከተሻረ ዘመናት አልፈዋል፤ ልማዱ ግን በየመንደሩ እስከ ዛሬ ይፈርዳል።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ባልና ሚስት በጋብቻው ጊዜም በፍቺውም ጊዜ እኩል መብት እንዳላቸው አጸና፤ በአንቀጽ 35 ደግሞ ሴቶች መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍና በማስተዳደር ከወንዶች ጋር የተካከሉ መሆናቸውን ጨመረበት። ይሁን እንጂ የ1952ቱ የቤተሰብ ድንጋጌ ወዲያው አልተነሣም፤ እንዲነሣ ከደከሙት መካከል የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ግንባር ቀደሙ ነበር፤ ከመሥራቾቹ አንዷ የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም ኋላ በ2011 ዓ.ም. የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ለመሆን በቅተዋል። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 213 ወጣ፤ የአማራ ክልልም የራሱን የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 79 አወጀ። የባል አለቅነት ቀረ፤ የጋብቻ ዕድሜ ለሁለቱም 18 ዓመት ሆነ፤ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ከሽማግሎች ወጥቶ ለፍርድ ቤት ተሰጠ፤ በትዳር ዘመን የተፈራው ሁሉ፣ በአንዱ ስም እንኳ ቢመዘገብ፣ የግሌ ነው የሚለው ወገን እስኪያስረዳ ድረስ የጋራ ሆኖ እንዲገመት፣ ሲለያዩም እኩል ለእኩል እንዲካፈል ተወሰነ። ጥፋት የፈጸመ ወገን ካሣ ሊከፍል ይችል ይሆናል እንጂ በጥፋቱ ምክንያት እኩሌታውን አያጣም።

የጋብቻ ወረቀት የሌላት ሴት ምን ትሆናለች ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። የጋብቻ ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት በሰማንያም በኒካሕም የተጋቡት ብዙዎቹ ወረቀት የላቸውም፤ ስለዚህ ሕጉ ሌላ በር ከፍቷል። ሁለቱ ሰዎች እንደ ባልና ሚስት ሲተያዩ፣ ቤተ ዘመድና ጎረቤትም እንደ ባልና ሚስት ሲያውቃቸው የኖሩ መሆናቸው በምስክር ከተረጋገጠ ጋብቻው እንዳለ ይቈጠራል። ጸሓፊው ያችን የሠርግ ፎቶግራፍ ከደረሰኙ ለይቶ በጥንቃቄ ያስቀመጠው፣ ሚዜዎቿንም አንድ በአንድ በጣቱ እያሳየ «ይህ በሕይወት አለ? ይህችስ የት አገባች?» እያለ የጠየቃት ለዚህ ነበር።

ስለ መሬት ዘርዘር አድርጎ መናገር ያስፈልጋል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ምዝገባ በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲጀመር የይዞታ ደብተሩ የባልንና የሚስትን ስም፣ የሁለቱንም ፎቶግራፍ ይዞ እንዲወጣ መደረጉ፣ እኔ እንደማስበው፣ ከብዙ ስብከት የበለጠ ሥራ ሠርቷል፤ ፊደል ያልቈጠረች እናት እንኳ ፊቷን በደብተሩ ላይ ታያለችና። ኒሃ ኩማርና አግነስ ኪሱምቢንግ የተባሉት ተመራማሪዎች የኢትዮጵያን ገጠር አጥንተው በ2015 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ስለ መሬት ምዝገባው የሚያውቁ ሰዎች መሬቱና ከብቱ በፍቺ ጊዜ እኩል ሊከፈል ይገባል ወደሚለው አስተሳሰብ ይበልጥ እያዘነበሉ መምጣታቸውን አሳይተዋል። በክልሉ በ1998 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 133፣ ኋላም በ2009 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 252 የተደነገገው የመሬት ሕግ ይህንኑ የጋራ ይዞታ የሚያጸና ነው።

ነገር ግን መሬት ብቻውን እንጀራ አይሆንም። በባላገሩ ልማድ ሴት ሞፈር አትጨብጥም፤ ስለዚህ የመሬቷን እኩሌታ የተቀበለች ሴት በሬና አራሽ ከሌላት መሬቱን ለሌላ ሰው በእኩል ትሰጣለች፤ አዝመራውም ሲገባ ግማሹን አራሹ ይወስዳል። እንዲህ ሲሆን ከቀድሞው የቤተሰቡ ማሳ የተገኘው ፍሬ ሩቡ ብቻ ለእርሷና ለልጆቿ ይደርሳል ማለት ነው። ለዚህም ነው የበሬው ጉዳይ ከመሬቱ ጉዳይ የማይለየው፤ ለዚህም ነው በሬው ከመሸጡ በፊት ፍርድ ቤት መድረስ ከፍርዱ ይዘት ያላነሰ ዋጋ ያለው። ዕዳም እንዲሁ ይካፈላል፤ ዛሬ ፀደይ ባንክ ከሆነው ከቀድሞው አብቁተ ለማዳበሪያ ወይም ለከብት ማድለቢያ የተወሰደ ብድር ለቤቱ ጥቅም የዋለ እንደ ሆነ የሁለቱም ነው፤ ባል ብቻውን ተበድሮ ከቤት ውጭ ያጠፋው ግን ሌላ ነገር ነውና ሴቲቱ ገንዘቡ ለምን እንደ ዋለ ጠይቃ መከራከር ይገባታል።

ወደ ደረሰኙ ጥቅል እንመለስ። የራያ ቆላ ልጆቹን በጅቡቲና በየመን በኩል፣ ወይም በአውሮፕላን፣ ወደ ሳውዲ ዓረቢያ ሲልክ የኖረ አገር ነው፤ በ2006 ዓ.ም. ሳውዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ባስወጣች ጊዜ ከተመለሱት መካከል የዚህ አካባቢ ልጆች ብዙ ነበሩ። ከሄዱት ሴቶች ብዙዎቹ ባለትዳሮች ናቸው። በሰው ቤት አጥበውና ሕፃን አዝለው ያገኙትን ለባላቸው ይልካሉ፤ ባልም በቆቦ ወይም በሮቢት ቦታ ይገዛል፣ ቆርቆሮ ቤት ያቆማል፣ ባጃጅ ይገዛል። ሴቲቱ በተመለሰች ጊዜ ቤቱ በአማቿ፣ ባጃጁ በባሏ ወንድም ስም ተመዝግቦ፣ አንዳንዴም በቤቱ ውስጥ ሌላ ሴት ተቀምጣ ታገኛለች።

ሕጉ በዚህ ላይ ግልጽ ነው፤ ባልም ሆነ ሚስት በትዳር ዘመን በድካማቸው ያገኙት ገቢ የጋራ ነው፤ በባል ስም የተመዘገበው ሀብትም የጋራ ሆኖ ይገመታል። በሦስተኛ ሰው ስም የገባውን ግን ግምት ብቻ አይመልሰውም፤ ገንዘቡ ከማን እጅ ወጥቶ በማን እጅ እንደ ገባ፣ ቤቱም በየትኛው ወር እንደ ተሠራ ማስረዳት ግድ ነው። ለዚህ ጊዜ ያ የወየበ ደረሰኝ ወርቅ ነው። የላከችበት ቀን፣ የተቀባዩ ስም፣ የገንዘቡ ልክ ተጽፎበታል፤ ቆርቆሮው ከተገዛበት ቀን ጋር ሲጋጠም ይመሰክራል። የማዝነው ብዙዎቹ ደረሰኙን ጥለው፣ ወይም በሐዋላ ፈንታ በሰው እጅ ልከው፣ ከቃላቸው በቀር ምንም ሳይዙ ስለሚመጡ ነው።

ሕጉ ራሱ ቀን ይቈጥራል። በፌዴራሉ ሕግ አንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነውን ቤት ወይም ከ500 ብር በላይ የሚያወጣውን ተንቀሳቃሽ ንብረት አንዱ ያለ ሌላው ፈቃድ ሊሸጥ አይችልም፤ ሸጦም ቢገኝ ሌላው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ሊጠይቅ ይችላል፤ ይህን ግን ማድረግ ያለበት ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይም ውሉ ከተደረገ ከ2 ዓመት ሳያልፍ ነው። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎትም በመዝገብ ቁጥር 20938 በሰጠው ትርጓሜ፣ ባልና ሚስት ለረጅም ጊዜ ተለያይተው ሁለቱም ሌላ ኑሮ የመሠረቱ እንደ ሆነ ጋብቻቸው ያለ ፍቺ ውሳኔም ቢሆን እንደ ፈረሰ ሊቈጠር እንደሚችል ገልጿል። እንግዲህ በወንድሟ ቤት ተቀምጣ «ታገሺ» የተባለችው ሴት፣ ትዕግሥቷ በሽማግሎች ፊት ምግባር ሆኖ ሲመሰገንላት፣ በሕግ ፊት ግን ዕለት ዕለት መብቷን እየሸረሸረባት እንደ ነበረ ማን ነገራት?

ይህን ስል ሽማግሌን ለማቃለል አይደለም። በራያ ሽማግሌ ደም አድርቆ፣ የተጣላ አስታርቆ አገር ያቆየ ነው፤ ሕጉም ቢሆን ፍርድ ቤቱ ባልና ሚስቱን ወደ መረጧቸው ሽማግሎች እንዲልክ፣ ከ3 ወር የማይበልጥ የማሰላሰያ ጊዜም እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ሽማግሌው የማስታረቅ እንጂ የመፍታት ሥልጣን የለውም፤ እርቁ እስኪሆን ድረስ ሀብቱን የማስጠበቅ አቅምም የለውም። በእስልምና ሥርዓት የተጋቡትም በሸሪዓ ፍርድ ቤት ሊዳኙ የሚችሉት ሁለቱ ወገኖች ሲስማሙ ብቻ ነው፤ ይህን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 34 ያስቀመጠ ሲሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤትም በ1996 ዓ.ም. ባልተስማማች ሴት ላይ የተሰጠ ዳኝነት እንደማይጸና ወስኗል። ወደ ቃዲ መሄድ የሴቲቱ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ ግዴታዋ ግን አይደለም።

ችሎቱ ፊት አስቀድሞ የደረሰች ሴት ምን ታገኛለች? ፍርድ ቤቱ አቤቱታው እንደ ቀረበለት ስለ ባልና ሚስቱ መተዳደሪያ፣ ስለ ልጆቹ አጠባበቅና ቀለብ፣ ስለ ንብረቱም አያያዝ ጊዜያዊ ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከሁለቱ አንዱ ከቤት እንዲወጣ ማድረግ ቢያስፈልግ የልጆቹን ጥቅምና በመውጣቱ ይበልጥ የሚጎዳው ማን እንደ ሆነ ይመዝናል። በሬው እንዳይሸጥ፣ ቤቱ እንዳይተላለፍ እግድ ሊያወጣ ይችላል። አንዲት ገጽ የሆነችው ይህች ትእዛዝ ከዓመት በኋላ ከሚጻፈው ረጅም ፍርድ ይልቅ የሴቲቱን ዕድል ትወስናለች ብዬ አምናለሁ። ገንዘብ የለኝም የምትል ሴት ደግሞ በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 467 መሠረት ድኽነቷን ከቀበሌዋ አስመስክራ ያለ ዳኝነት ክፍያ መክሰስ ትችላለች። ድብደባ ካለበትም የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ውስጥ የሚፈጸም ጥቃትን ወንጀል አድርጎታልና ጉዳዩ የፖሊስና የዐቃቤ ሕግ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝኑኝ ግን በልጅነታቸው ተድረው በልጅነታቸው የሚፈቱት ናቸው። ዳና ቲልሰንና ኡላ ላርሰን በ1982 ዓ.ም. የተደረገውን ብሔራዊ የቤተሰብና የወሊድ ጥናት መርምረው እንደ ጻፉት፣ በኢትዮጵያ ከመጀመሪያ ጋብቻዎች 45 በመቶ የሚሆኑት በ30 ዓመት ውስጥ በፍቺ ይፈርሱ ነበር፤ ከሚፈቱትም ሴቶች ሁለት ሦስተኛው በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት የፈቱ ናቸው። በ15 ዓመቷ ተድራ በ18 ዓመቷ ወደ አባቷ ቤት የተመለሰች ልጅ ገና በዓይን የሚታይ ሀብት አላፈራችም፤ ምስክር የሚሆኗት የባሏ ዘመዶች ናቸው፤ መብት እንዳላትም አታውቅም። ከእነዚህ ብዙዎቹ ናቸው ቀጥለው የዓረብ አገርን መንገድ የሚይዙት።

በዚህ ላይ የሰሜኑ ጦርነት ተጨመረ። ከሐምሌ 2013 እስከ ታኅሣሥ 2014፣ ዳግመኛም ከነሐሴ 2014 ጀምሮ ቆቦ ከእጅ ወደ እጅ ስትተላለፍ፣ ሰው ሕይወቱን ለማትረፍ ሲሸሽ ደብተርና ደረሰኝ ይዞ የሚወጣ ጥቂት ነበር። ደብተሯ የጠፋባት ሴት በመሬት ጽሕፈት ቤት ያለውን መዝገብ አስፈልጋ ቅጂ እንዲሰጣት መጠየቅ ይገባታል፤ ይህን መጠየቅ እንደምትችል ግን የሚነግራት ያስፈልጋታል።

የሚነግራት ማነው? በወረዳው የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ፍትሕ ጽሕፈት ቤት አለ፤ ከሩቅም የሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ፤ በማሪያ ሙኒር የተመሠረተው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበርም ከጥቃት ለሸሹ ሴቶች መጠለያ በመስጠት የታወቀ ነው። ሁሉም የሚረዱት ግን የመጣችላቸውን ነው፤ ከዞብል ግርጌ ያለች፣ ባጃጅ የማይደርስባት መንደር ሴት ከቤቷ በወጣች ምሽት የምታገኘው ወንድሟን፣ የንስሐ አባቷን ወይም ሼሁን፣ የዕድሯን ዳኛና የመንደሩን ሽማግሌ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልመናዬ ለእናንተ ነው፣ የራያ አባቶች። ሴት ልጅ ከትዳሯ ተጣልታ ወደ ደጃችሁ ስትመጣ ማስታረቁን አትተዉ፤ ነገር ግን ታገሺ ከማለታችሁ በፊት ከብቱን በቊጥር፣ እህሉን በመስፈሪያ፣ ቤቱንና መሬቱን በአዋሳኙ በምስክር ፊት አስጽፉላት፤ ደብተሯንና ደረሰኟን የት እንዳኖረች ጠይቋት፤ እርቁም በቶሎ የማይሆን መስሎ ከታያችሁ በሳምንቱ ውስጥ ልጃችሁን ይዛችሁ ፍርድ ቤት ግቡና በንብረቱ ላይ እግድ አስወጡ። እርቅ ከሆነ እግዱ በአንድ ማመልከቻ ይነሣል።